ዓይን የማይገባበት ሣጥን፦ እጅ ዕቃን ሲለይ ምን እንደሚያደርግ የያዝኩት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፦ ሣጥኑ

ፕሪንተር የመጣበትን ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ፊቱ ላይ ክንድ የሚያሳልፉ ሁለት ክብ ቀዳዳዎች በካተር ቆረጥኩ። ቀዳዳዎቹ ላይ የአሮጌ ሹራብ እጅጌ በፕላስተር አጣበቅኩ። እጅ ይገባል፣ ዓይን አይገባም። የጀርባውን ግድግዳ ግን ጨርሶ አነሳሁት። እሱ ለእኔ ነው። ተፈታኙ ከፊት ይቀመጣል፣ እኔ ከኋላ። ስልኬን መጻሕፍት ላይ አስደግፌ ቪዲዮ እቀርጻለሁ።

የምቀርጸው እጅን ነው። ሰው ስንቱን አውቆ ስንቱን እንደሳተ መቁጠር ብዙም አላጓጓኝም፤ ያ ጥያቄ መልስ ካገኘ ቆይቷል። ድሮ ዕቃን በመለየት በኩል ንክኪ ደካማ ነው ይባል ነበር። ለሰው እጅ የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ ጎበጥ ባለ መስመር የተሠራ ሥዕል ወይም ማንም የማያውቀው እንግዳ ቅርፅ ስለነበር ነው። በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮበርታ ክላትስኪና ሱዛን ሌደርማን ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ሌላ ነገር ሞከሩ። ዓይናቸው ለተሸፈነ ተማሪዎች 100 የተለመዱ ዕቃዎችን እጃቸው ላይ ሰጧቸው። 96 ከመቶ ያህሉ መልስ ትክክል ሆነ። አብዛኛው ደግሞ 5 ሰከንድ እንኳ አልፈጀም።

እኔ ማየት የምፈልገው ያቺን አጭር ጊዜ ነው። በእነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እጅ ምን ሲሠራ ነው መልሱ የሚመጣው?

የሣጥኑ ወለል ላይ ወፍራም ፎጣ አነጠፍኩ። ዕቃ ካርቶን ሲመታ ድምፁ ብቻውን ያሳብቃል፤ ቁልፍ አንዴ ካቃጨለ ጨዋታው አለቀ። ለተፈታኞቹም በኢርፎን የዝናብ ድምፅ እከፍታለሁ። ጆሮ በንክኪ ጉዳይ እጁን የሚያስገባ ጣልቃ ገብ ነው። በ1998 በታተመ ሙከራ ሰዎች መዳፋቸውን ሲያፋትጉ የገዛ እጃቸው ድምፅ ቀጭን ቀጭኑ ጎልቶ እንዲሰማቸው ተደረገ። ቆዳቸው እንደ ብራና የደረቀ መሰላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ ቁልፍና ጥርስ ብሩሽ

እህቴ ቀድማ ተቀመጠች። «የሚናከስ ነገር የለበትም አይደል?» ብላ ነው እጇን ያስገባችው። ሁሉም እንዲህ ይላል። ምንም የማይታይበት ቀዳዳ ውስጥ እጅ ማስገባት ለማንም አይመችም፤ ጣቶች መጀመሪያ ተጠንቅቀው፣ ጫፋቸውን አስቀድመው ነው የሚገቡት።

ቁልፉን «ቁልፍ» ለማለት እስትንፋስ እንኳ አልፈጀባትም። ቪዲዮውን በዝግታ ሳጫውተው ግን ሥራ ሞልቶበታል። መጀመሪያ መዳፏ ዕቃው ላይ አረፈ። ጣቶቿ ተሰብስበው ጨበጡት። ከዚያ አውራ ጣቷ ብቻዋን ተነጥላ በቁልፉ ጥርሶች ላይ ተንሸራተተች። ግማሹ ላይ ሳትደርስ አፏ ተናገረ። ከፎጣው ላይ እንኳ አላነሳችውም።

ጥርስ ብሩሹ ይብሳል። ጣቶቿ መያዣውን አግኝተው እስከ ጫፉ ተከተሉት። አውራ ጣቷ ጭራዎቹን አንዴ ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ለቀቀቻቸው። «ጥርስ ብሩሽ፣ ያውም አሮጌ» አለች። አሮጌ መሆኑን ያወቀችው ጭራዎቹ ሲለቀቁ ቀጥ ብለው ስላልተመለሱ ነው። ዓይን አሮጌነቱን ለማወቅ የተንጨፈረረ ጭራ ያያል። እጅ ደግሞ የዛለ ጭራ ያገኛል። ሁለቱ አንድ መረጃ አይደሉም።

ክላትስኪና ሌደርማን በ1987 እነዚህን እንቅስቃሴዎች ለይተው ዘርዝረዋቸዋል። የላዩን ሸካራነት የሚፈልግ እጅ ወዲያ ወዲህ ያሻል። ጥንካሬ የሚፈልግ ይጫናል። ሙቀት የሚፈልግ ዝም ብሎ ያርፍበታል። ክብደት የሚፈልግ ከወለሉ ነጥሎ አንስቶ ወደ ላይ ወደ ታች ያደርገዋል። ጠቅላላ ቅርፅና መጠን የሚፈልግ ይጨብጣል። ትክክለኛውን ቅርፅ የሚፈልግ ጠርዙን ይከተላል። ዝርዝሩን ከዚህ በፊት አንብቤው ነበር። ዛሬ ግን ማንም ሳይነግራት የእህቴ እጅ አንድ በአንድ ሲያደርገው ስልኬ ላይ አየሁት። የሚገርመው እሷ ምን እንዳደረገች ስጠይቃት «ዝም ብዬ ነካሁት» ነው ያለችው።

ቅዳሜ ማታ፦ ማንኪያዎቹ

የብረት፣ የእንጨትና የፕላስቲክ ማንኪያ አስገባሁ። የብረቱን ለመለየት የፈጀው ጊዜ ጣት ዕቃው ላይ የሚያርፍበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ አያልፍም። ማንኪያ መሆኑ ሳይታወቅ ብረት መሆኑ ይታወቃል። «ብረት ነው… ማንኪያ።» ይህ ቅደም ተከተል በብዙ ሰው ላይ ይደጋገማል። ዓይን ቅርፅ ይቀድመዋል፣ እጅ ግን ከምን እንደተሠራ።

ሦስቱም ማንኪያዎች ክፍሉ ውስጥ አብረው የዋሉ ስለሆኑ ሙቀታቸው እኩል ነው። ብረቱ የሚቀዘቅዘን ሙቀታችንን ቶሎ ስለሚወስድብን ነው። የእጅ ቆዳ 32 ወይም 33 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ክፍሉ ከዚያ በታች። ስለዚህ ጣት የሚለካው የዕቃውን ሙቀት ሳይሆን የራሱ ሙቀት የሚሸሽበትን ፍጥነት ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ማንኪያዎቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ሙቀቱ የእጅን በሚያህል ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አቆየኋቸው። ውጤቱ ያዝናናል። ማንኪያ መሆኑ ቀድሞ ታወቀ፤ ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ግን እህቴ ማንሳት ነበረባት። ክብደቱን መዘነች፣ በጥፍሯ ነካ ነካ አደረገች። አቋራጩ መንገድ ሲዘጋ እጅ ወዲያው ሌላ መንገድ ይይዛል።

ስለ ሙቀት ካነሳሁ አይቀር፣ ጀርመናዊው ኧርንስት ቬበር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀዝቃዛ ሳንቲም ከሞቀው ሳንቲም ይልቅ ከብዶ እንደሚሰማ አስተውሏል። በሳንቲም ሞከርኩት፤ ግንባር ላይ ጥሩ ይሠራል። አንዱን ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

እሑድ፦ እጅን ማሰር

ዛሬ ከእጅ ላይ ነገር እየቀነስኩ ማየት ጀመርኩ።

ወፍራም የሥራ ጓንት፦ ቅርፅ ይቀራል፣ የላይ ልስላሴና ሙቀት ይጠፋሉ። መቀስ አሁንም መቀስ ነው። ላጲስና ትንሽ ሣሙና ግን አንድ ሆኑ።

ጣቶችን በአይስክሬም እንጨት አስሮ እንዳይታጠፉ ማድረግ፦ መጨበጥ የለም። እጁ አካፋ ይሆናል። ሰው በጣም ይናደዳል።

አንድ ጣት ብቻ፦ ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚጣፍጠው። ጓደኛዬ በአመልካች ጣቱ ብቻ መቀሱን ዞረው። ቀለበት አገኘ፣ ዞሮ ጨረሰው፣ «ቀለበት ነው» አለ። ቀጠለ፣ ሌላ ቀለበት አገኘ። ቆመ። ያ የመጀመሪያው ነው ወይስ ሌላ? ተመልሶ ፈለገው፣ አጣው፣ እንደገና ጀመረ። ጣቱ እያንዳንዷን ቦታ በደንብ ያውቃታል፤ የጎደለው ከቦታ ቦታ የሚያገናኘው ክር ነው። ያንን የሚሸከመው ትዝታ ብቻ ነው፣ ትዝታ ደግሞ ቶሎ ይደክማል። አምስት ጣት ሲኖርህ ሁለቱን ቀለበቶች በአንድ ጊዜ ስለምትይዝ ማስታወስ አያስፈልግህም።

ታዲያ ዓይንም ቢሆን በዚህ ቅጣት ውስጥ ቢገባ ከዚህ አይሻልም። ወረቀት ላይ የጣት ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ በስቼ ሥዕል ላይ እያንሸራተተ እንዲያይ ሰጠሁት። ሰፊ ግቢን በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ነው። ግራ ገብቶት ቀረ። በ1991 ሉሚስ፣ ክላትስኪና ሌደርማን ይህንኑ በወጉ ለክተውታል፤ የእይታ ስፋት በአንድ ጣት ጫፍ ልክ ሲጠብ ዓይንና ጣት ሥዕልን በመለየት እኩል ደካማ ይሆናሉ።

ማክሰኞ ማታ፦ የኮላ ሥዕሎች

ካርቶን ላይ በወፍራም ኮላ ሥዕል ሠርቼ አደረኩ፤ ጠዋት ደርቆ ጎበጥ ያለ መስመር ሆኖ ቆየኝ። መቀስ፣ ስኒ፣ ቁልፍ። ለዓይን ሕፃን እንኳ ይለያቸዋል።

ጎረቤታችን ጋሼ እጃቸውን አስገብተው ስኒው ላይ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። መስመሩን በዝግታ፣ በትዕግሥት ተከተሉ። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ካርታ ነው እንዴ?» አሉኝ። እውነተኛውን ስኒ ስሰጣቸው ጣታቸው እጀታው ውስጥ ገብቶ ነው መልሱን ያወጡት። የገባው ከመናገራቸው በፊት ነው።

ሥዕሉ ላይ ለእጅ የሚሆን ምንም የለም። ቅዝቃዜ የለውም፣ አይነሳም፣ አይጨበጥም፣ ጣት የሚያስገባ እጀታ የለውም። የቀረው ጠርዝ መከተል ብቻ ነው፤ ቅዳሜ ከዘረዘርኳቸው ስድስት እንቅስቃሴዎች ቀርፋፋው ደግሞ እሱ ነው። ከዚህም በላይ የስኒውን አፍ ሞላላ አድርጌ ነው የሣልኩት። ክብ ነገር ከጎን ሲያዩት ሞላላ የሚሆነው ለዓይን ነው። እጅ ሞላላ ስኒ ነክቶ አያውቅም።

ረቡዕ ማታ ደግሞ ዓይነ ስውር የሆነው ወዳጄ መጣ። ብሬይል ዕለት ዕለት ያነባል። ሣጥኑን አይቶ… ይቅርታ፣ ዳሶ፣ «እኔን እንኳ ያለ ሣጥን ብትፈትነኝ ምንም አላጭበረብርም» ብሎ ሳቀብኝ። የመቀሱ ሥዕል ላይ ያደረገውን ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የግራ አመልካች ጣቱን አንዱ ቀለበት ላይ ተከለና አላነቃነቀውም። ቀኙ ተጓዘ። ሁለተኛው ቀለበት ላይ ሲደርስ የተተከለው ጣት ስላለ «ይህ ሌላ ነው» ለማለት አልቸገረውም። «አንዱ ቤት ይጠብቃል፣ አንዱ ይዞራል» አለኝ። ከዚያ በሁለቱ ጣቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ለካና «መቀስ። ግን ክፍት ነው፣ አይደል?» አለ። ክፍት ነበር።

እሑድ ጓደኛዬ ያጣውን ክር ይኼ ሰው በተተከለ ጣት ይዞታል።

ስለ ብሬይል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከሉዊ ብሬይል በፊት ሻርል ባርቢዬ የሚባል ፈረንሳዊ በነጥብ የሚጻፍ ፊደል ነበረው፤ አንዱ ሕዋስ (የአንድ ምልክት ነጥቦች የሚሰፍሩበት ቦታ) እስከ 12 ነጥብ ይይዛል። ጣት ጫፍ ሥር ሙሉ በሙሉ አይገባም፣ ስለዚህ ጣት ወደ ላይ ወደ ታች መሄድ አለበት። ብሬይል በ1824፣ በ15 ዓመቱ፣ ወደ 6 አወረደው። አንድ ፊደል በአንድ ንክኪ። በነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት 2.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የጣት ጫፍ ሁለት ነጥቦችን ለይቶ «ሁለት ናቸው» የሚልበት ወሰን ደግሞ 2 ሚሊሜትር አካባቢ። ጠባብ ነው፣ ግን ይበቃል። ጀርባ ላይ ቢሆን 4 ሴንቲሜትር ገደማ ያስፈልግ ነበር። አግራፍ ቀጥ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፎች በማቀራረብ በቤታችሁ መሞከር ትችላላችሁ።

ሐሙስ፦ የማይንቀሳቀስ እጅ

መዳፍ ተዘርግቶ ይቆማል። አይንቀሳቀስም። ዕቃውን የምጫነው እኔ ነኝ።

ሁሉም ነገር ወዲያው ወደቀ። ጠርሙስ ክዳን «ክብ ነገር» ሆነ፣ ማበጠሪያ «የሚወጋ ነገር»። ተፈታኞቹ የሚናገሩት ስለ ዕቃው መሆኑ ቀርቶ ስለ ራሳቸው ቆዳ ሆነ፦ «እዚህ ጋ ተጫነኝ፣ እዚህ ጋ ወጋኝ»። እጃቸው ሲንቀሳቀስ እንዲህ የሚል አልነበረም። ያኔ ስለ ቁልፍና ስለ ብሩሽ ነው የሚያወሩት።

ጄምስ ጊብሰን በ1962 ይህንኑ በብስኩት መቁረጫ ቅርፆች ፈትኖታል። ሰዎች ራሳቸው ሲዳስሱ 95 ከመቶ፣ ቅርፁ ዝም ያለ መዳፍ ላይ ሲጫን 49 ከመቶ። ቆዳው ያው፣ ቅርፁም ያው።

አንዱ ምክንያት ቆዳው ሥር ነው። በአንድ እጅ መዳፍና ጣቶች ቆዳ ውስጥ 17,000 ገደማ ንክኪ ተቀባይ የነርቭ ጫፎች አሉ፣ አራት ዓይነት ናቸው። ከእነሱ ሁለቱ የሚናገሩት ለውጥ ሲኖር ብቻ ነው። ዕቃው ሲያርፍ ይጮሃሉ፣ ከዚያ ጭጭ። ሰዓት እንዳሰርን የምንረሳውም ነገሩ እንዲህ ስለሆነ ነው። እንቅስቃሴ ከሌለ ግማሹ ሠራተኛ ሥራ ፈት ይሆናል። (ግፊቱን ወደ ነርቭ ምልክት የሚቀይረውን ፕሮቲን፣ ፒዬዞን፣ ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን ነው፤ የሙቀት ስሜትን ካጠናው ከዴቪድ ጁሊየስ ጋር የ2021ን የሕክምና ኖቤል ተካፍለዋል።)

የእንጨት ማለስለሻው ብርጭቆ ወረቀት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ባለ 400 እና ባለ 800 ቁጥር ጎን ለጎን ለጠፍኩ። ጣታችሁን ዝም ብላችሁ አሳርፉበት፤ ልዩነት የለም። ትንሽ ጎተት አድርጉት፤ የቱ ሻካራ እንደሆነ ወዲያው ይለያል። በጣም ደቃቅ የሆነን ነገር ጣት የሚያውቀው በቅርፁ ሳይሆን ሲንሸራተት በሚፈጥረው ንዝረት ነው። ዴቪድ ካትዝ በ1925 ስለ ንክኪ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን አንስቶታል።

ቀጥሎ ለተፈታኞቹ እስክሪብቶ ሰጠሁና ወረቀቱን በእስክሪብቶው ጫፍ እንዲጭሩት አደረግኩ። ጣታቸው ወረቀቱን ጨርሶ አልነካም። ግን ሻካራውን ለዩት። ሻካራነቱ የት እንደተሰማቸው ስጠይቅ ሁሉም ያመለከቱት የእስክሪብቶውን ጫፍ ነው። እዚያ ምንም ነርቭ የለም! ይህን አይቼ ሥራ ፈትቼ እስክሪብቶ ይዤ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ ሶፋውን ስጭር አመሸሁ።

ዓርብ፦ እጅ ሲታለል

አጠር አድርጌ ልለፈው። ሁለት ሣጥኖች፣ አንዱ ትንሽ አንዱ ትልቅ፣ በሚዛን እኩል አድርጌ ሞላኋቸው። ትንሹ ይከብዳል። ሁሉም ሰው ይከብዳል ይላል። ሚዛን ላይ አስቀምጬ ካሳየኋቸው በኋላም ይከብዳል። ፈረንሳዊው ሻርፓንቲዬ በ1891 የጻፈው ነው። ደስ የሚለው ማወቅ ምንም አለመርዳቱ ነው፤ እኔ ራሴ ሞልቼ መዝኜ እንኳ ትንሹ ይከብደኛል።

ሌላው ከአርስጣጣሊስ ዘመን ጀምሮ የሚታወቅ ነው። አመልካችና መሐል ጣታችሁን አጠላልፉ፣ በመካከላቸው እርሳስ አሻሹ። ሁለት እርሳስ ይሆናል። የሁለቱ ጣቶች ውጭ ውጭ ጎን በተለመደው ኑሮ አንድ ትንሽ ነገር በአንዴ ነክተው አያውቁም። አእምሮም ጣቶቹ መጠላለፋቸውን ከቁጥር አያስገባም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ከእጅ ወደ ዓይን

ከፕላስቲሲን ስም የሌላቸው ቅርፆች ሠራሁ፤ ቀንድ ያላቸው፣ የጎበጡ፣ የተጣመሙ። ሰው አንዱን ሣጥኑ ውስጥ ይዳስሳል። ከዚያ በርከት ያሉትን ጠረጴዛ ላይ አሳየውና የቱ እንደነበር እጠይቀዋለሁ። ሁሉም ያለ ብዙ ችግር ይጠቁማል። ምንም የሚደንቅ ነገር የለውም እንዳትሉ።

በ1688 ዊልያም ሞሊኑ ለጆን ሎክ ደብዳቤ ጻፈ፦ ዓይነ ስውር ሆኖ የተወለደ፣ ኳስና ኩብ በእጁ የሚለይ ሰው ድንገት ቢያይ፣ ሳይነካ የቱ የቱ እንደሆነ ያውቃል? ከ300 ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆየ። በ2011 በሕንድ ዓይናቸው ገና በቀዶ ሕክምና የበራላቸው ልጆች ተጠየቁ። በእጅ የነኩትን በእጅ ለዩ። ያዩትን በዓይን ለዩ። የነኩትን በዓይን መለየት ላይ ግን በግምት ከሚገኘው ብዙም አልራቁም። ደግነቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሻሻል ታየ። ከእጅ ወደ ዓይን የሚወስደው መንገድ አብሮን የተወለደ አይደለም ማለት ነው፤ ግን ቶሎ ይጠረጋል።

እሑድ ማታ፦ ጥያቄውን ከእጁ ማንበብ

ከሰሞኑ ሁሉ የወደድኩት ሥራ የዛሬው ነው። ለጓደኛዬ ሁለት ሁለት የፕላስቲሲን ቅርፅ ሣጥኑ ውስጥ እየሰጠሁ አንድ ጥያቄ ብቻ በጆሮው ነገርኩት። የቱ ይከብዳል? የቱ ይሻክራል? የቱ ይጠነክራል? የቱ ትልቅ ነው? ቅርፃቸው አንድ ነው? ቪዲዮውን ያለ ድምፅ ለእህቴ ሰጠኋት። ጥያቄውን አልሰማችም፣ መልሱንም አልሰማችም። እጁን ብቻ ነው የምታየው።

ክብደት ሲጠየቅ እጁ ዕቃውን ከፎጣው አንስቶ አየር ላይ ነቅነቅ አደረገ። «ክብደት» አለች፣ ቪዲዮው ሳያልቅ። ጥንካሬ ሲጠየቅ አውራ ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ሰመጠ። ሻካራነት ሲጠየቅ አንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ፈጠን ብሎ አሸ፤ የቀረውን ዕቃ ዞር ብሎም አላየው። ሁሉንም አወቀቻቸው። ወዳጄ ብሬይል አንባቢው ይህን ስነግረው «እኛ ሰው ምን እያሰበ እንደሆነ እጁን ይዘን የምናውቀው እኮ ወደን አይደለም» አለኝ።

እህቴ የተቸገረችው መጠንና ቅርፅ ላይ ነው። ሁለቱ ላይ እጁ አንድ ዓይነት ነገር ያደርጋል፦ ይጨብጣል፣ ይለቃል፣ ሌላውን ይጨብጣል። ሁለቱም በአንድ ጭብጥ ይገኛሉ። ቅርፅ ሲጠየቅ አልፎ አልፎ ጣቱ ጠርዝ መከተል ሲጀምር ብቻ ነው የለየችው፤ ያ ደግሞ የሚመጣው ቅርፆቹ በጣም ሲመሳሰሉና መጨበጡ አልበቃ ሲል ነው። ስለዚህ አሁን ጠረጴዛው ላይ ተመሳሳይነታቸው እየጨመረ የሚሄድ ጥንዶች እየሠራሁ ነው። እጁ ጭብጡን ትቶ ወደ ጠርዝ የሚወርደው የትኛው ጥንድ ላይ ሲደርስ እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ። ስልኩንም ከጎን ወደ ላይ አዛውሬዋለሁ፤ አውራ ጣቱ መዳፉ እየሸፈነው አስቸግሮኛል።